ገና መሠረት ላይ ነን

ለቤት አልባዎች ቤት ከሚሠራ የበጎ ፈቃድ ማኅበር ጋር ዓመቱን ሙሉ በነፃ ስሠራ ከርሜ ስመለስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ «ምን አተረፍሽ?» ብሎ ነው። እናቴ እጄን ገልብጣ አይታ፣ «እንዲህ ሻክሮ ማን ሊያገባሽ ነው!» ስትል አብሬያት ሳቅኩ። በመዝጊያው ቀንም ማኅበሩ መድረክ ላይ አውጥቶ «ትዝታሽን አካፍይን» ሲለኝ፣ ስለ ወዳጅነትና ስለ ላብ ጥቂት ቀባጥሬ ወረድኩ። ተጨበጨበልኝ። የልቤን ብናገር ኖሮ ማንም አያጨበጭብም ነበር።

የልቤ የጋሼ ሾፌሩ ነገር ነው።

ጋሼ ሾፌሩ ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሾፌር ናቸው። በማኅበራችን ደንብ ቤት የሚደርሰው ሰው የራሱንም የጎረቤቱንም ቤት አብሮን ይሠራል፤ እሳቸውም ከእኛ ከወጣቶቹ እኩል አሸዋ በጋሪ ይገፉ ነበር። መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ በአፋቸው ጥሩንባ ይነፋሉ። መንገድ ያልለቀቀላቸውን «ለመሆኑ መንጃ ፈቃድ ማን ሰጠህ!» ይሉታል። ፎርማኑ ራሱ ጥግ ይይዝላቸው ነበር።

ባለቤታቸው እትዬ ግን አልጋ ከያዙ ቆይተዋል፤ የልብ ሕመም ነው። የሚኖሩት በሰው ግቢ፣ ከኩሽናው ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። አከራይዋ ሲያሰኛት ውኃውን ትቆልፋለች፤ ገና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ «መብራት አጥፉ» ትላለች። እትዬ ከዚህ ዓለም የቀራቸው ምኞት አንድ ነው፤ ማንም «አጥፊ» በማይላቸው ቤት፣ መብራታቸውን እንዳበሩ መተኛት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ «ቤት ደርሷችኋል» ተብለው፣ ዕቃቸውን ከሸከፉ በኋላ ቀርቶባቸዋል። እትዬ አልጋ ላይ የዋሉት ከሁለተኛው በኋላ ነው።

ስለዚህ ጋሼ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ቤቱ አልቆ ቁልፉ እጃቸው እስኪገባ ድረስ ሥራው የት እንደደረሰ ለሚስታቸው ትንፍሽ ላይሉ ማሉ። እኛንም አስማሉን። «ከእንግዲህ በባዶ ተስፋ አላስጎመጃትም። ተሸክሜ አስገባትና በዓይኗ ትየው» አሉ። እሳቸውን ብታውቋቸው ኖሮ እናንተም ትምሉ ነበር።

ግድግዳው ቆመ። እትዬ ሲጠይቁ ጋሼ «ገና መሠረት ላይ ነን» ይሏቸዋል። ቆርቆሮው ተመታ። «ገና መሠረት ላይ ነን።» አልጋው በሚዘረጋበት በኩል ያለውን መስኮት፣ ተኝታ መንገደኛ ታይበት ብለው ዝቅ አስደረጉት። ቀለሙን እንኳ የጠየቋቸው በዘወርዋራ ነው። «ለመሆኑ ቤት ቢኖርሽ ምን ትቀቢው ነበር?» ቢሏቸው፣ እትዬ «በሌለ ቤት ምን አደከመኝ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ጋሼ በማግስቱ ይህን እየሳቁ ነገሩን። «ቢጫ ነው የምትወደው፤ እኔ አላውቃትም እንዴ?» አሉና ቤቱ ቢጫ ሆነ።

የቀለሙ ሰሞን፣ ሥራ አብቅቶ ሁሉም ሲበተን የሚያደርጉትን አይቼ አንጀቴን በሉት። እጃቸው ላይ የቀረውን ቀለም በቤንዚን ፈትገው ያስለቅቁና፣ ከሲሚንቶ ከረጢት ጭብጥ አድርገው ሱሪያቸው ላይ ይነሰንሱታል። ሲሚንቶ ሲያቦኩ የዋሉ እንዲመስሉ። ከዚያ አራግፈው አስተካክለው ወደ ቤት።

በእረፍቴ ቀን ብርቱካን ይዤ እትዬን ልጠይቅ ሄድኩ። ጋሼ መድኃኒት ሊገዙ ወጥተው ስለነበር ብቻችንን ሆንን። የእትዬ እግር አብጧል፤ ሁለት ቃል ተናግረው ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እጄን ያዙኝ።

«የኔ ልጅ፣ እሱ ይደብቀኛል። አንቺ እውነቱን ንገሪኝ፤ ቤታችን የት ደረሰ?»

ቤታቸው በዚያች ሰዓት በሩ ተገጥሞ፣ ግድግዳው እየደረቀ ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ። ግን ቁልፍ የምንረከበው በሳምንቱ ነው፤ ጋሼ ደግሞ ያቺን ቀን እንደ ሕፃን ነው የሚጠብቋት። ዋጥ አደረግኩት።

«መሠረቱ እያለቀ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ እኔ አልደርስበትም። ብቻ እሱን አደራ፤ ተስፋ ቆርጦ እንዳይተወው።» ከዚያ ብርቱካን ላጪልኝ አሉኝ፤ ላጥኩላቸው።

ሳምንቱ አልሞላም። ጋሼ የመስኮቱን ጠርዝ ለሁለተኛ ጊዜ እየቀቡ ሳለ ጎረቤታቸው እያለከለከች መጣች። ብሩሹን እንደያዙ ሮጡ፤ ተከትለናቸው ስንደርስ እትዬ አልፈዋል። ያን ቀን የጋሼ ሱሪ ላይ ሲሚንቶ አልነበረም። ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ቢጫ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያን ክንዳቸውን ወደ ሚስታቸው ፊት እያቀረቡ፣ «አልቋል እኮ! እይው እስቲ፣ አልቆልሻል እኮ!» ይሏቸው ነበር። ጎረቤቷ ልትይዛቸው ብትሞክር አልያዝ አሉ።

ከቀብሩ በኋላ ያላኮረፍኩት ሰው የለም። አከራይዋን ጠላኋት። ፎርማኑን «ትንሽ ብትፈጥን ምን ነበር!» ብዬ በሰው ፊት ጮኽኩበት፤ ምስኪኑ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ጋሼን ግን መቆጣት አልቻልኩም። ሰው ሚስቱን ወድዶ ባደረገው ነገር እንዴት ተደርጎ ይቆጡታል? ሌሊት አልቅሼ ጠዋት ብሎኬት እሸከም ነበር።

ቁልፉ ተሰጣቸው፤ ተቀበሉት። የእኔም ዓመት አልቆ ስለነበር ልሰናበታቸው ሄድኩ። አልጋውን ባሰቡበት፣ በመስኮቱ ሥር ዘርግተውታል። ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ በእንግድነት እንደመጣ ሰው ጫፉ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስለ መንገዴ ጠየቁኝ፤ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትዋሺኝ። ያን ጊዜ ብርቱካን ይዘሽላት የመጣሽ ዕለት ብቻችሁን ነበራችሁ። ሹክ አላልሻትም?»

ዓይኔን ወደ ዝቅተኛው መስኮት አዞርኩ።

«ትንሽ እንኳ? ጣራው ገብቷል ብለሽ እንኳ? አልቆጣሽም እኮ። አፍ ነው፣ ያመልጣል።»

እንዲያ ያለ ልመና በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። አደራቸውን በልቼ እንድገኝላቸው ነበር የሚለምኑኝ።

«አላልኳትም፣ ጋሼ» አልኩ።

ተነሥተው፣ ራሴን በሁለት እጃቸው ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ።

«ቃልሽን ጠበቅሽ» አሉ። «ተባረኪ። ጎበዝ ልጅ ነሽ።»