ሽቅብ የሚወነጨፉት አምባዛዎች

አንደኛው አምባዛ ከአሸዋው ተነስቶ መስታወቱን እየታከከ ሽቅብ ተወነጨፈ፤ ከውሃው አናት ላይ አየር ጎረሰና ተመልሶ ወረደ። ገና ሆዱ አሸዋ ሳይነካ ሁለተኛው ተከተለው፤ ከዚያ ሦስተኛው። ከሁለቱ እህትማማቾች ታላቂቱ በጥርስ ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ካለው አኳሪየም ፊት ተንበርክካ፣ የእጅ ሰዓቷን እያየች ትቆጥራለች።

"በደቂቃ አሥራ አንድ ጊዜ" አለች።

"ብዙ ነው?" ሐኪሙ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ከኋላዋ ቆሟል።

"እነዚህ መሬት ለመሬት የሚኖሩ ናቸው፣ ዶክተር። አልፎ አልፎ ወጥተው አየር መጉረስ ተፈጥሯቸው ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ግን የጤና አይደለም። ታፍነዋል።"

ሐኪሙ በሐሳብ ራሱን ነቀነቀ። ጠዋት ወደ ዓሣ መሸጫ ሱቋ ሲደውል የፈለገው እሷን አልነበረም። ዓሦቹ ሽቅብ ቁልቁል እያሉ መሆናቸውን ከነገራት በኋላ፣ "ትንሿ የለችም?" ብሎ ጠየቀ። ትንሿ የሚላት ታናሽ እህቷን ነው። ታላቂቱም የለችም ብላ ዋሸች፤ ትንሿ ግን ከጀርባዋ ቆማ ገንዳ እየሞላች ነበር።

ዓሣ በመሸጥና የሰው አኳሪየም በመንከባከብ አሥራ አምስት ዓመት አሳልፋለች። ከሦስት ወር በፊት እህቷ ሥራ ስታጣ ወደ ሱቁ ያስገባቻት፣ ከባልዲ አያያዝ ጀምሮ ሁሉን ያስተማረቻት እሷው ናት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ተስማምተው ነበር፤ በትንሿ ጥፋት የአንድ ደንበኛ ዓሣ አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ትንሿ ዕቃዋን ሰብስባ ሌላ ሥራ ትፈልጋለች። ትንሿ እየሳቀች እሺ አለች። መቼም እሷ የማትስቅበት ነገር የለም። በሁለተኛው ወር ደንበኛው ሁሉ ትንሿ፣ ትንሿ ማለት ጀመረ። የልጆቻቸውን ስም ትይዛለች፣ ለዓሦቹ ሳይቀር ስም ታወጣለች። ታላቂቱ ደግሞ ሥራዋን ጨርሳ ደህና ዋሉ ብላ የምትወጣ ሰው ናት። ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ሲባል ስትሰማ ሁልጊዜ ትዝ የሚላት ሌላ ሰው ነበር፤ አሁን ግን ነቀዙ የት የት ላይ እንደሚበላት በጣቷ ልታሳይ ትችላለች። ሦስት ወር ሙሉ የጠበቀችው አንዲት ስህተት ብቻ ነው።

የውሃውን ሙቀት ለካች፤ ደህና ነው። የአየር ፓምፑም ይሠራል። ከገንዳው በትንሽ ብልቃጥ ውሃ ቀድታ የመመርመሪያውን ጠብታ ጨመረችበት። ደህና ውሃ ቢሆን ፈዛዛ ሰማያዊ መሆን ነበረበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወይን ጠጅ ሆነ።

"መርዝ ነው" አለች፤ "ከራሳቸው ቆሻሻ የሚመነጭ። ደማቸው ውስጥ ገብቶ ነው የሚያፍናቸው። ማጣሪያው ውስጥ ያለው ስፖንጅ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ መርዙን የሚያጠፉት እነሱ ናቸው። አሁን ግን አልቻሉትም።"

"ትንሿ ማክሰኞ ሁለት አዳዲስ ዓሦች ጨምራልኝ ነበር። እነሱ በዝተውበት ይሆን?"

የታላቂቱ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ለዚህ ገንዳ ሁለት ትንንሽ ዓሦች ይህን ያህል ጣጣ እንደማያመጡ ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም "ሊሆን ይችላል" አለች። ይህን እንኳ ውሸት ማለት ይከብዳል፤ መቼም በዚህ ዓለም የማይሆን የለም። ሐኪሙ ከንፈሩን መጠጠና አፉን ከፍቶ ወደሚጠብቀው በሽተኛው ተመለሰ።

ብቻዋን ስትቀር የማጣሪያውን ክዳን ከፈተች። ስፖንጁ ነጭ ነው፤ ከሱቅ የወጣ አዲስ ይመስላል። እጇ ክዳኑ ላይ እንዳለ ቀረ።

ያለፈው ቅዳሜ ነው። ሐኪሙ፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ ትንሿ ስታጸዳው መስታወቱ እንዴት እንደሚያበራ ነገራት። እሷም የጎመዘዘ ፈገግታ ፈገግ ብላ ስፖንጁን አወጣችና ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደች፤ ቧንቧውን ከፍታ እስኪነጣ ድረስ ፈተገችው። ይታይ ማን እንደሚያጸዳ ብላ። አሥራ አምስት ዓመት ስፖንጅ ያጠበችው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ፣ ለቅለቅ አድርጋ፣ ቡናማነቱን ሳታስለቅቅ ነው። ትንሿን በመጀመሪያው ቀን ያስጠነቀቀቻትም ስለዚሁ ነበር፤ የቧንቧ ውሃ ስፖንጅ አይነካም፣ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይፈጃቸዋል ብላ። አሁን የእጇን አገኘች፤ የሚታፈኑት ግን ዓሦቹ ናቸው።

ነጩን ስፖንጅ ጨምቃ ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተችው። የገንዳውን ውሃ በግማሽ ቀነሰችና ክሎሪኑን በመድኃኒት ያጠፋችለትን ውሃ ቀስ እያለች ሞላችበት። ይህ ለዛሬ ያስተነፍሳቸዋል። ለነገ ግን ከሌላ ገንዳ የመጣ፣ ባክቴሪያው ያልሞተበት የቆሸሸ ስፖንጅ ያስፈልጋል። ያ ያለው ሱቅ ነው፤ ሱቅ ያለችው ደግሞ ትንሿ ናት። እየከበዳት ደወለች።

ስልኩን ስትዘጋ ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

"የለችም አላልሽኝም እንዴ?"

"መጣች" አለች ታላቂቱ፣ ወለሉን እየወለወለች።

ትንሿ የቆሸሸውን ስፖንጅ ከነውሃው በፕላስቲክ ከረጢት ይዛ እያለከለከች ደረሰች። ዓሦቹን አየች። አንዱ አምባዛ ወጥቶ እስኪመለስ በዓይኗ ተከተለችው፤ ፊቷ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ።

"ማክሰኞ አዳዲሶቹን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ዶክተር" አለች፤ "ውሃውን ሳልመረምር ነው ያስገባሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።" ከዚያ ወደ እህቷ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እትዬ፣ ዕቃዬን ዛሬውኑ ልሰብስብ?"

ታላቂቱ ሦስት ወር ሙሉ ስትጠብቀው የከረመችው ቃል ይኸው መጣላት፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃታል። ሐኪሙ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ያያል። ትንሿ አልቅሳ ቢሆን፣ ወይም ተከራክራ ቢሆን፣ ነገሩ በቀለላት ነበር። ትንሿ ግን ጥፋቱን በሙሉ ልቧ ተሸክማ፣ ከረጢቱን በሁለት እጇ ደግፋ ቆማለች። ታላቂቱ ለዚህም ጭምር ቀናችባት፤ እሷ ብትሆን ጥፋተኛ ነኝ ለማለት እንዲህ አትፈጥንም ነበር።

እጇን ሽርጧ ኪስ ከታ ነጩን ስፖንጅ አወጣችው።

ትንሿ ገና ስታየው ገባት። ስፖንጁን፣ ቀጥላም እህቷን አየች።

"አዳዲሶቹ አይደሉም፣ ዶክተር" አለች ታላቂቱ። "ቅዳሜ ይህን በቧንቧ ውሃ አጥቤው ነው። እኔ ነኝ።"

"አንቺ? ከስንት ዓመት በኋላ?"

"ከሷ በልጬ ልታይ ብዬ።"

ሐኪሙ ጓንቱን ይነካካ ጀመር። ትንሿ የቆሸሸውን ስፖንጅ ማጣሪያው ውስጥ አስገብታ ክዳኑን መለሰች። አምባዛዎቹ ዛሬም ነገም እንደዚህ እንደሚወጡ፣ ቢተርፉ እንኳ ሁለት ሳምንት የቅርብ ክትትል እንደሚፈልጉ ለሐኪሙ አስረዳችው። በትክክል ነው ያስረዳችው፤ ታላቂቱ እርማት ፈልጋ አጣች።

"ታዲያ አንድ ነገር ቢሆኑ ማንን ልጥራ?" አለ ሐኪሙ።

ትንሿ እህቷን አየቻት። ታላቂቱ እንዳይቀድሟት የፈራች ይመስል ፈጥና መለሰች።

"እሷን ይጥሩ።"

ቃሉ ወጣ፤ ቅናቱ ግን አብሮ አልወጣላትም። ሐኪሙ በሱቁ ስልክ እንደሚደውል ሲናገር፣ ታላቂቱ በእምቢታ ራሷን ወዘወዘችና የትንሿን የራሷን ቁጥር፣ እንዳይሳሳት አንድ በአንድ እየጠራች፣ አስመዘገበችው።