ከሦስተኛው ዓምድ ሥር

የመሪጌታ ወልደ ኪዳን ጆሮ በአንድ ቀን አልተዘጋም። መደንቆሩ እንደ ላስታ ጉም ቀስ እያለ ነው የወጣባቸው። መጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ሄደ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ ሄደ፤ ቀጥሎ የሽታዬ ቁጣ ሄደ፣ እሱን እንኳ ብዙ አልናፈቁትም። ሽታዬ ሚስታቸው ናት፤ ስትቆጣ ድምፅዋ ገደል ተሻግሮ ነው የሚሰማው። ኋላ ኋላ ዓለም ሁሉ ውኃ ውስጥ የገባች መሰለቻቸው። የሰው አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ እሳቸው ዳር ቆመው ያያሉ። ሕልም ነው እንጂ ምን ይባላል!

ፊት ለፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ለሚያናግራቸው ከንፈሩን እያዩ ይመልሳሉ። ከኋላ የሚጠራቸው ግን ጠርቶ ጠርቶ ይሄዳል። "መሪጌታ ዘንድሮ ሰው ናቁ" ተባለ። ይባል፣ አሉ በሆዳቸው። ደንቆሮ መሪጌታ ከመባል ኩሩ መሪጌታ መባል ይሻላል። ደንቆሮ ማኅሌት ሲመራ የት ታይቶ ያውቃል?

ግን መሩ! እንዴት መሩ ቢሉ፣ ነገሩ ከቤተ ክርስቲያኗ ነው። ከላሊበላ በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም ከሚያወጣው መንገድ ገባ ብሎ ያለች ትንሽ ደብር ናት፤ አገሬው ገደሏ ኪዳነ ምሕረት ይላታል። ወለሏም፣ ግድግዳዋም፣ ዓምዷም አንድ ቋጥኝ ነው፤ ተፈልፍላ እንጂ ተገንብታ አይደለም። ማኅሌት ሲቆም መሪጌታ የመቋሚያቸውን ጫፍ ወለሉ ላይ ተክለው አናቱን አገጫቸው ሥር ያስገባሉ። ያየ ሰው ደክሟቸው ይመስለዋል። እሳቸው ግን እየሰሙ ነው። ከበሮው ሲመታ ንዝረቱ በዓለቱ ሄዶ፣ በመቋሚያው ወጥቶ፣ በአገጫቸው አጥንት አድርጎ ራሳቸው ውስጥ ይገባል። ጆሮ የነሳቸውን አጥንት ሰጣቸው።

ከከበሮው ሌላም ነገር ነበረች። ዜማው ሊነሣ ሲል፣ ልክ እሳቸው አፋቸውን የሚከፍቱበት ጊዜ ሲደርስ፣ ከዓለቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምት ትመጣለች። ጠቅ። እሷን ተከትለው ይገባሉ፣ አንድም ቀን አሳስታቸው አታውቅም። እመቤቴ ናት አሉ። ኪዳነ ምሕረት ራሷ በድንጋዩ ውስጥ "አሁን ልጄ" ትለኛለች አሉ። ይህን ለሽታዬም አልነገሩ፣ ለንስሐ አባታቸውም አልነገሩ። እንዲህ ያለ ጸጋ ሲያወሩት ይሸሻል ብለው ፈሩ።

ታዲያ ለገና አንድ ባለጸጋ ምእመን ከአዲስ አበባ ምንጣፍ ይዞ መጣ። ቀይ፣ ወፍራም፣ እግር የሚውጥ ምንጣፍ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ የደብሩ አለቃ በደስታ የሚሉትን አጡ፣ መሪጌታም እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። ምን ያውቃሉ እሳቸው! በገና ማኅሌት መቋሚያቸውን ተክለው አገጫቸውን አስደገፉ። ዝም። ጠበቁ፤ ዝም። ከበሮው ሲመታ በዓይናቸው ያዩታል፣ ድንጋዩ ግን ምንም አይላቸውም። ግራና ቀኝ የቆሙት መዘምራን ዓይን ዓይናቸውን ሲያዩ ላብ በጀርባቸው ወረደ። በመጨረሻ ሰውአገኝ ከረድፉ ወጣ፣ ትከሻቸውን ነካ አደረጋቸው፣ ዜማውንም እሱ አነሣው።

ሰውአገኝ ደቀ መዝሙራቸው ነው። ፊደል ያስቆጠሩት፣ ዜማ ያስጠኑት፣ የዳሩት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ የሁለት ልጆች አባት ነው። ከማኅሌት ሲወጡ በሕዝብ ፊት "ገና ሳልሞት ልትወርሰኝ!" አሉት። እሱ አንገቱን ደፋ እንጂ አንድ ቃል አልመለሰም። ያ ዝምታው ደግሞ ይባስ አናደዳቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ሲላቸው ፊታቸውን ያዞሩ ጀመር።

አለቃውም ውለው አድረው መጡ፤ ክፉ ሰው አይደሉም፣ ደብራቸው ነው የጨነቃቸው። "መሪጌታ፣ የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ንግሣችን ነው፤ እንግዳው ብዙ ነው። ያኔም እንደ ገናው ከሆነ፣ ለሰውአገኝ ይተላለፍና እርስዎ ይረፉ" አሏቸው። ይረፉ! ማረፍማ ለሞተ ሰው ነው። ከመሪነቱ በላይ ግን ያቃጠላቸው የድንጋዩ ዝምታ ነው። እየሄዱ ዓምዱን በመዳፋቸው ይዳብሱና "ምን በደልኩሽ እመቤቴ? ምን አየሽብኝ?" ይላሉ። ዓምዱ ቀዝቃዛ ነው።

ንግሡ ሲቃረብ ሐናን መጣች። ከወልድያ በታች የሐራ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የንዝረት ትምህርት የተማረች። አባቷ ባለ ወፍጮ ነበሩ፤ ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ ማውራት አያውቅም። ፊት ለፊት ቆማ ትጮሃለች፤ መሪጌታ የወደዷት ለዚህ ነው። በመስከረም መጥታ የዓለቱን ጤና ለማወቅ አራት ቦታ ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያካክሉ መሣሪያዎች ለጥፋ ነበር የሄደችው። ያኔ "ውስጣቸው ክሪስታል አለ፣ እጅዎ ላይ ካለው ሰዓት ክሪስታል ጋር እህትማማች ናቸው። ዓለቱ ሲነቃነቅ ይጫናታል፣ እሷ ኤሌክትሪክ ትሰጣለች። ኤሌክትሪክ ሲሰጧት ደግሞ እሷው ትንቀጠቀጣለች" ብላ አስረድታቸው ነበር። "እንግዲያ ማኅሌት ታውቃለቻ! ተቀብላ ትመልሳለች" ብለው አስቀዋት ነበር።

ዛሬ ግን አልሳቀችም።

"እንደምን ከረሙ መሪጌታ!"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ድንጋያችን ምን አለሽ ልጄ?"

"እሱን ነው የጨነቀኝ" አለችና ደጀ ሰላሙ ላይ ላፕቶፗን ከፈተች። መስመሩ እንደ ላስታ ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል። "ይሄ የኅዳር ጽዮን ማኅሌት ነው። ይሄ ትልልቁ ከበሮው ነው። አሁን ይቺን ይዩልኝ።" ከከበሮዎቹ መሐል አንዲት ቀጭን እሾህ ብድግ ብላለች። "ዓለት ሲሰነጠቅ የሚሰጠው ምት እንዲህ ያለ ነው። ወላሂ እንቅልፍ ነሳችኝ። ስንጥቅ ከሆነች በንግሡ ሰው እንዳይገባ ማለት አለብኝ። ግን ደግሞ ግራ የገባኝ፣ ማኅሌት በሌለበት ቀን የለችም። ሁልጊዜ ዜማ ሊነሣ ሲል ነው የምትመጣው።"

መሪጌታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

"አንቺም አየሻት?" አሉ።

"ማንን?"

ነገሯት። ለማንም ያልነገሩትን ለሐራዋ ልጅ ነገሯት፤ የጆሯቸውንም፣ የመቋሚያውንም፣ ጠቅ የምትለዋንም። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። "እመቤቴ ነበረች፤ ከገና ወዲህ ትታኛለች" አሉ። ሐናን አልሳቀችም። ሻርፗን አስተካከለች።

"እሺ መሪጌታ" አለች በመጨረሻ። "ከየት እንደምትመጣ አብረን እንያት። ወሬ ቅርብ ጎረቤት ቤት ቀድሞ አይደል የሚደርሰው? ንዝረትም እንደዚያው ነው። አራት ጎረቤት አለን፤ ማን ቀድሞ እንደሰማ ካወቅን የተነሣችበትን ቦታ እናገኛታለን።"

ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ውስጡ ድንግዝግዝ ያለ ነው፤ ከላይ ከመስኮቷ የሚወርደው ብርሃን ጉም ቀላቅሎ ወለሉ ላይ ተኝቷል። ሐናን ላፕቶፗን ታቅፋ፣ እያየች፣ እየለካች፣ በቀዩ ምንጣፍ ላይ ያለ ድምፅ ሄደች። በግራው ረድፍ ከሦስተኛው ዓምድ ሥር ቆመች።

"ከዚህ ናት። ሁሉም ጊዜ ከዚችው ቦታ ናት። ዓለቱ ጤነኛ ነው፣ አልሐምዱ ሊላህ! ይሄ ሰው ነው፤ በእንጨት ድንጋይ የሚመታ ሰው። እዚህ ማን ነው የሚቆመው?"

መሪጌታ ዓምዱን በመዳፋቸው ያዙ።

ሐናን አላስተዋለችም፣ ደስታዋ ይዟት ሄዷል። "የገናው ደግሞ ይገርማል። ምንጣፉ ውጦታል፣ ክሪስታሏ ግን አልሳተችውም። ይኸው አንዴ መታ። ይኸው እንደገና፣ በርታ አድርጎ። ይኸው እንደገና። እዚህ ጋማ መቋሚያውን ሊሰብረው ነው እንዴ! ከዚያ ተወው።"

ከዚያማ መጥቶ ትከሻቸውን ነካቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ሁሉ ዘመን ሲጠራቸው የኖረው እሱ ነው፤ በሕዝብ ፊት ያዋረዱትም እሱን ነው። ልባቸው ተሰነጠቀ።

"ልጄ፣ ይቺ ክሪስታልሽ የወሰደችውን ትመልሳለች ብለሽኝ ነበር።"

"ትመልሳለች።"

"እስቲ መልሺልኝ።"

ሐናን ምንጣፉ ካልደረሰበት ከጥጉ ድንጋይ ላይ አንዲት ክብ ነገር አጣበቀች፤ ዓለቱን አነቃንቃ መሣሪያዎቿን የምትፈትንባት ናት። የኅዳር ጽዮንን ማኅሌት ሰደደችባት። መሪጌታ መቋሚያቸውን አጠገቧ ተከሉ፣ አገጫቸውን አስደገፉ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ከሩቅ፣ ከተራራ ወዲያ የሚመጣ የሚመስል ከበሮ። እየቀረበ መጣ፣ በጥርሳቸው ገባ፣ ራሳቸውን ሞላው። ባዶው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ረድፎቹ ነጭ ለብሰው ሲወዛወዙ አዩ፤ የሞቱትም፣ የታመሙትም፣ የተሰደዱትም ቆመዋል። ራሳቸውንም አዩ፣ አገጫቸው መቋሚያ ላይ። ከበሮው ለስለስ አለ። ጠቅ።

ተንሰቅስቀው አለቀሱ። "አብሽሩ፣ አብሽሩ አባቴ" አለች ሐናን፣ እሷም እያለቀሰች። ቆይታ፣ ፈራ ተባ እያለች፣ "ሕልምዎን አበላሸሁብዎት፤ እመቤቴ ናት ብለው ነበር" አለቻቸው።

"ዝም በይ ልጄ" አሏት። "እሷስ በማን እጅ ትምታ?"

ቤታቸው ሲደርሱ ለሽታዬ ጆሯቸው መዘጋቱን ተናዘዙላት። ሽታዬ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየቻቸው። ከንፈሯን እንዲያዩ ፊታቸው ድረስ መጣች።

"እኔስ ይህን ሁሉ ዘመን ስጮህ የኖርኩት ቁጡ ስለሆንኩ መሰለዎት? ኧረ እግዜር ይይልዎ!"

የንግሡ ማኅሌት ሊቆም ሲል መሪጌታ ቅኔ ማኅሌቱ መሐል ገብተው ጎንበስ አሉና ምንጣፉን በእጃቸው ይጠቀልሉ ጀመር። አለቃው ሮጠው መጡ።

"ኧረ መሪጌታ! ምን ነካዎት? ባለ ምንጣፉ ቆመው እያዩ!"

"እግሬን አሙቆልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ጆሮዬን ግን ዘጋብኝ" አሉ፣ ቀና ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ደንቆሮ ነኝ። ዓመታት አለፉኝ። ደብቄያችሁ ኖርኩ። እኔ የምሰማው በድንጋዩ ነው።"

አሁን ያጉረመርማሉ ብለው ጠበቁ። ማንም አላጉረመረመም። ከበሮ መቺው ጢሙን አከከ። አንድ ሽማግሌ ደብተራ ወደ ጣሪያው አየ። ያን ጊዜ ገባቸው፣ ሁሉም ያውቃል። ከሽታዬ እስከ ከበሮ መቺው ያላወቀ የለም፤ ክብራቸው እንዳይነካ ዝም ብለው ተሸክመዋቸው ኖረዋል። ባለጸጋው እንግዳ ነጠላውን አጣፍቶ መጣና የምንጣፉን ሌላ ጫፍ ያዘ።

ወለሉ ተገለጠ፤ በስንት ዘመን እግር የለሰለሰ ዓለት። መዘምራኑ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሰውአገኝ ከሦስተኛው ዓምድ ሥር ቆሟል፣ አንገቱን እንደ ደፋ ነው። መሪጌታ ወደ እሱ አንድ እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ይቅርታ ልበል ቢሉ ስንት ቅኔ የዘረፈ አፍ እምቢ አላቸው። ተመልሰው ቦታቸው ቆሙ፣ መቋሚያቸውን ተከሉ፣ አገጫቸውን አስደገፉ።

ከበሮው ገና አልተመታም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው ድንጋዩን አንዴ መቱት። ጠቅ። በሥርዓቱ እዚያ ቦታ ላይ ምት የለም፤ ከበሮ መቺው ግራ ተጋብቶ እጁን አንሥቶ ቀረ። ሰውአገኝ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሱ ነጠላውን ፊቱ ላይ አደረገ፤ ትከሻው ተነቀነቀ።

መሪጌታ አገጫቸውን መቋሚያው ላይ አድርገው ጠበቁ። ቆየባቸው። ከዚያ በዓለቱ አድርጎ፣ በእንጨቱ ወጥቶ፣ በአጥንታቸው ገብቶ መልሱ ደረሳቸው፣ እሳቸውም ዜማውን አነሡ።