በዓይን ብቻ

ሳጥኑ በሚዛኑ ላይ ተገልብጦ ተኝቷል። ረይሀና ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ቁጥር ስታይ እጇ ከቦርሳዋ ማንገቻ ላይ ደርቆ ቀረ። ቁጥር አሥራ አራት። ከፋብሪካ ሲወጣ የተለጠፈበት ስስ ላስቲክ እንኳ ገና ከፊቱ አልተላጠም።

«ጋሽ ሙዓዊያ፣ ይሄን ከየት አመጡት?»

አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ከተቀመጡበት የጎማ ክምር ሳይነሱ አገጫቸውን ወደ ዳገቱ ቀሰሩ። «ከማሠልጠኛው ነዋ። የተወገደ ንብረት ብለው በጨረታ ሸጡት። አሥራ ስድስት ነበር፤ ሌላው ለመዳቡ ተፈታትቶ አለቀ። ይሄን ለሚዛን ድንጋይ ይሆነኛል ብዬ አስቀረሁት።»

«ላስቲኩ እኮ አልተላጠም!»

«አየሁት። ለሰርግ ተሰፍቶ ሳይለበስ የተሸጠ ልብስ ነው፣ ልጄ። እኔ ምን ላድርግ? በኪሎ ገባ፣ በኪሎ ይወጣል።»

ስዊች ነው፤ ብዙ ኮምፒውተሮችን በገመድ እርስ በርስ የሚያገናኝ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን። ረይሀናም ከውቤ በረሃ ጀርባ ወደተሸጎጠው ግቢ የመጣችው ይህንኑ ፍለጋ ነበር። ትናንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቤቷ ከነበሩት ሦስት ስዊቾች አንዱን አቃጥሎባታል። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የተግባር ፈተና አለባት። ሦስት ስዊቾችን በቀለበት ታገናኛለች፤ ፈታኙ አንዱን ገመድ ይነቅላል፤ መልእክቱ በሌላው በኩል ዞሮ መድረስ አለበት። በሁለት ስዊች ይህን መለማመድ አይቻልም። ሦስተኛውን ዛሬ ካላገኘች ነገ የምትገባው በዱዓ ብቻ ነው።

መሥሪያ ቤቱን ታውቀዋለች። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ተፈትናለች። በማዕረግ የተመረቀችበትን ዲፕሎማ አይተው በአክብሮት ተቀበሏት፤ እውነተኛ ስዊች ፊቷ አስቀምጠው በኮምፒውተር የሚታዘዝበትን ሰማያዊ ገመድ አቀበሏት። ገመዱ የት እንደሚሰካ አላወቀችም። ሳጥኑን አገላበጠችው፤ አንዱን ቀዳዳ ሞከረች፤ ሌላውን ሞከረች። ፈታኙ በዕድሜ ከእሷ የሚያንስ ወጣት ነበር፤ እንዳታፍር ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ለአንድ ሰው ሁለት ዕድል ብቻ ነው የሚሰጡት፤ አንዱ ያን ቀን አለቀ።

ቁጥር አሥራ አራትን ለሦስት ዓመት አይታዋለች፤ በመስታወት ውስጥ። የተማረችበት ማሠልጠኛ እነዚያን አሥራ ስድስት ስዊቾች በባለመስታወት ቁም ሳጥን ቆልፎ ነበር እሷንና ጓደኞቿን ያስተማረው። በየሴሚስተሩ አንድ ጊዜ ተማሪዎቹ በሰልፍ ወደ ግምጃ ቤቱ ይገባሉ፤ የንብረት ኃላፊው አቶ ተስፋማርያም ወገባቸው ላይ የተንጠለጠሉትን ቁልፎች እያንቃጨሉ በሰልፉ ፊት ይመላለሳሉ። «እጅ ወደ ኋላ! በዓይን ብቻ!» ይላሉ። አርባ ልጅ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያያል፣ ይወጣል። የቀረው በጠመኔ ነው፤ መምህሩ ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ይሥላል፣ እነሱም ደብተራቸው ላይ ይሥላሉ፣ ፈተናውም ሥዕል ነው። ላም አለኝ በሰማይ። ረይሀና ሥዕሉን አሳምራ ስለሣለች ነው ማዕረግ ያገኘችው።

ያን ውድቀት ለማንም ሳትናገር አምስት ኪሎ በእናቷ ሳሎን ጥግ የራሷን ቤተ ሙከራ አቆመች። የጫማ መደርደሪያው የስዊቾቹ ማደሪያ ሆነ። ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ለቀመች፤ ስዊቾቹን ከአሮጌ ዕቃ መሐል እየመረጠች በብረት ዋጋ ገዛች። ገመዶቹን ራሷ ቆርጣ፣ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በየቀለማቸው ደርድራ ጫፋቸውን ትገጥማለች፤ ሲበላሽባት ደግማ ትቆርጣለች። ሳጥኖቹ ሲግሉ የቤቱን ቬንትሌተር ወደ እነሱ ታዞራለች። እናቷ ወይዘሮ ከዲጃ የማሽኖቹን ጉርምርምታ በሰሙ ቁጥር «ባልሽ ዛሬም ተቆጥቷል» ይሏታል። ማሠልጠኛው በሦስት ዓመት ያላሳያትን ያ ጥግ አሳይቷታል።

ሂሳቡን ከፍላ ሳጥኑን በነጠላዋ ጠቀለለችና ወጣች። ማድረግ ያለባት ግልጽ ነበር፤ ቀጥታ ወደ ቤት፣ ሳጥኑን መሞከር፣ እስኪደክማት መለማመድ። የሙዓዊያ ግቢ መብራት ስላልነበረው ይሥራ አይሥራ እንኳ አላወቀችም። አዲሱ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ላይ ስትደርስ ግን እግሯ ወደ አምስት ኪሎ ሳይሆን ወደ ማሠልጠኛው ዞረ። አሥራ አምስቱ ለመዳባቸው ተፈትተዋል፤ አንድ ልጅ እንኳ ሳይነካቸው። በተማሪ እጅ ተቃጥለው ወይም ተሰብረው ቢሆን እንዲህ ባላንገበገባት። በየእርምጃዋ ሳጥኑ ክንዷን እየቆረጠ ይከብዳል።

የግምጃ ቤቱ በር ክፍት ነበር። አቶ ተስፋማርያም ሸብተዋል፤ ቁልፎቹ ግን ዛሬም ወገባቸው ላይ ናቸው። ሳጥኑን ከነአቧራው ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«ያውቁታል?»

መነጽራቸውን አውርደው ቁጥሩን አነበቡ። ከዚያ ትልቁን መዝገብ ስበው ያለ አንዳች ፍለጋ ገጹን ገለጡት። «ይኸው። የአገልግሎት ዘመኑ ስላለፈ ተወግዷል። በሥርዓቱ ነው የወጣው።»

«የቱ አገልግሎት?»

አቶ ተስፋማርያም ቀና አሉ። አሁን ገና ፊቷን ያዩት ይመስላል። «የኛ ተማሪ ነበርሽ።»

«በዓይን ብቻ።»

ሲመልሱላት ድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበር፤ ረይሀናን ይበልጥ ያቃጠላትም እሱ ነው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ዕቃ አልጎደለብኝም። አንድ! ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ተማሪ በሰበረው ማሽን ተከሶ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ቤቱ ፈረሰ። እኔ ያን አይቼ ነው ቁልፉን የተረከብኩት፤ ዕቃው ፈርሞ የተረከበው ሰው ኃላፊነት ነው።»

«እኛስ የማን ኃላፊነት ነበርን? በየዓመቱ አርባ ልጅ ባዶ እጁን በዚህ በር ሲወጣ፣ ያ ጉድለት የትኛው ገጽ ላይ ተጻፈ? እኔ ገመድ መሰኪያው ጠፍቶኝ ሰው ፊት ተዋርጃለሁ፣ ጋሽ ተስፋማርያም። በማዕረግ ተመርቄ!»

አቶ ተስፋማርያም መዝገቡን ሊዘጉት ብለው ተዉት። ዓይናቸው ላስቲኩ ላይ ቆየ።

«ይሠራል?» አሉ በመጨረሻ።

ረይሀና አሁን ገባት። አያውቁም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ዕቃ ሲበራ አንድ ቀን አላዩም።

«ገመድ ከቤት አልያዝኩም እንጂ አሳይዎት ነበር» አለች፤ ጥርሷን ነክሳ።

አቶ ተስፋማርያም ወደ ውስጠኛው መደርደሪያ ገቡና የታሸገ ከረጢት ይዘው ተመለሱ። የኤሌክትሪክ ገመዱና ሰማያዊው ገመድ አብረው፣ እንደተጣጠፉ። «እነዚህ በሌላ ተራ ቁጥር ስለተመዘገቡ አልተወገዱም» አሉ፤ ራሳቸው የሰሙት ነገር እንዳሳፈራቸው ዝቅ ባለ ድምፅ። ረይሀና ሳቀች። ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ማስፈረሚያው ጥራዝ ሰደዱ፤ ጫፉን ነኩት፤ ከዚያ ገፋ አድርገው ከረጢቱን በመቀስ ቀደዱት።

ላስቲኩን ከፊቱ ላጠችው። ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አወጣች፤ ሰማያዊውን ገመድ ሳታይ፣ በጣቷ ብቻ ዳብሳ፣ ቦታው ላይ ሰካችው። የኤሌክትሪኩ ተራ ደረሰ። ካልበራ ነገ አለቀላት።

ሳጥኑ አጉረመረመ። ከፊቱ ላይ አንዲት ቢጫ መብራት ብቅ አለች፣ ጠፋች፣ ደግማ ወጣች። ፊደሎች በላፕቶፑ ላይ መውረድ ጀመሩ፤ ወረዱ፣ ወረዱና አንድ ጥያቄ ላይ ቆሙ።

«ምን ይላል?» አቶ ተስፋማርያም ባንኮኒውን ዞረው አጠገቧ መጥተዋል።

«ባዶ ነኝ፤ ከመጀመሪያው እየመራሁ ላስጀምርሽ ወይ? ነው የሚለው። እንዲህ የሚጠይቀው ምንም ያልተጻፈበት ሲሆን ነው።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ቀኝ እጃቸው ተዘረጋ። ሌባ ጣታቸው ከላፕቶፑ ቁልፎች በላይ አንዣበበ።

«በዓይን ብቻ» አለች ረይሀና።

ድምጿን ከፍ አላደረገችም። እጃቸው አየር ላይ ቆየ፤ ቀስ ብሎም ተመለሰ። ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው ሰው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ ተረከዛቸውን ገጥመው ቆሙ። ያን አቋቋም ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ራሷ ለሦስት ዓመት ቆማበታለች።

ይቀለኛል ብላ ነበር። አልቀለላትም። ለጥያቄው ራሷ «አይ» ብላ ጻፈች፤ ማሽኑም ባዶ መስመር ሰጥቷት ብልጭ ድርግም እያለ ይጠብቃት ጀመር። ሰዓቱ አሥር ሆኗል። ሳጥኑ ይሠራል፤ አሁን ነቅላ፣ ጠቅልላ፣ ወደ ጥግዋ መሮጥ አለባት። ገመዱን ያዘችው።

«ቀጥሎስ?» አሉ ከኋላዋ።

እጇ ገመዱ ላይ ቆመ። ዞራ አላየቻቸውም፤ ቁልፎቹ ወገባቸው ላይ ሲንቃጨሉ ብቻ ሰማች። በንዴት እየተነፈሰች፣ ላፕቶፑን እንዲያዩት በትንሹ ወደ እሳቸው ዞር አደረገችው።