የጋሼ ጆሮ የቤንዚን ልኬታ

ከሁለት ዓመት ወዲህ ዓለም ለጋሼ ጆሮ ለስለስ ብላለታለች። ጎረቤቱ ጎማ ጠጋኙ ቀኑን ሙሉ ቸርኬ ሲደበድብ እንደ ድሮው አንጎል አይበጠብጥም፤ የጋራዡን ቆርቆሮ ጣሪያ የሚመታው ዝናብ ጥጥ ላይ የሚወርድ ይመስላል፤ ሚስቱ እንኳ ስትቆጣው ቁጣዋ ከወንዝ ማዶ የመጣ ያህል ደብዝዞ ይደርሰዋል። እሱም ይህን ሁሉ የዕድሜ በረከት አድርጎ ተቀበለው። ሰው ሲበስል ዓለምም አብራው ትበስላለች ብሎ አመነ። ሞተሮች ሳይቀሩ ጨዋ ሆነውለት ነበር።

ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ ደንበኛ የለም። ጆሮ ያሉት ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና በጆሮው ሲያክም ስለኖረ ነው። ኮፈን ይከፍታል፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ "ሦስተኛዋ ካንዴላ ናት" ይላል። ሲፈቱት እውነትም ሦስተኛዋ ሆና ትገኛለች። ከዚህ ወዲያ እሱን በመሣሪያ ለመሞገት የሚደፍር አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

ያቺ አንዷ ልጁ ናት። ጋራዡ ጥግ የቆመችው ትንሽ ቀይ መኪናም የእሷ ነበረች። አባትና ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ በትርፍ ሰዓታቸው ሲፈቱና ሲገጥሟት ቆይተው ቱርቦ ጨምረውላታል፤ ልጅቱ እሁድ በሚደረገው የዳገት ውድድር ልትነዳት ተመዝግባለች። ሞተሩ አንድ ነው። እሱ ከተቃጠለ የሦስት ዓመት ልፋት አብሮ ይቃጠላል።

ቱርቦ አየሩን በጉልበት ወደ ሞተሩ ይገፋል። አየር ሲበዛ ቤንዚኑም መብዛት አለበት፤ ካነሰ ሞተሩ ውስጡ ይግላል፣ ያንኳኳል፣ ጥቂት ከቆየ ፒስተኑ እንደ ሰም ይቀልጣል። ቤንዚን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ትንንሾች ስለነበሩ ጋሼ ጆሮ መላ ዘየደ፦ የግፊት መቆጣጠሪያውን ብሎን አጥብቆ ቤንዚኑ በኃይል እንዲረጭ አደረገ። ቤንዚኑን የሚገፋው ፓምፕ ይችለው እንደሆነ ለማየትም ቱቦውን ፈታና አፉን ባልዲ ውስጥ ከትቶ ሰዓቱን ያዘ። በደቂቃ ሦስት ሊትር ሞላ።

"አየሽ? ተርፎት ለጎረቤት ያበድራል።"

"አባዬ፣ አፉ ክፍት ሆኖ እኮ ነው የለካኸው" አለች ልጅቱ። "ባዶ እጁን የሚሮጥና ጆንያ ተሸክሞ የሚሮጥ እኩል ይሮጣሉ? ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ፓምፑ የሚሰጠው ያንሳል። ቱርቦው ሲነፍስ የሚኖረውን ግፊት እንጫንበትና እንለካው።"

"አንቺ ሳትወለጂ ፓምፕ ለክቻለሁ።"

"እሱማ ለክተሃል…"

"ካነሰው ያንኳኳል። ካንኳኳ ደግሞ ማን ነው ቀድሞ የሚሰማው?"

ልጅቱ አፏ ላይ የመጣውን ዋጠች። ሆድ ይፍጀው ብላ ባለቀስት የቤንዚን ግፊት መለኪያ ጌጅ አመጣችና ከፊት መስታወቱ ውጭ በፕላስተር ለጠፈችው፤ ቤንዚን ያለበት ጌጅ ወደ ውስጥ አይገባም።

ዓርብ ማለዳ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ወዳለው ባዶ መንገድ ወጡ። ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል፤ የመብራት ምሰሶዎቹ ወገባቸው ተቆርጦ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስላሉ። ልጅቱ ሦስተኛ ማርሽ አስገብታ ነዳጁን ረገጠችው። መኪናዋ ወደፊት ተስፈነጠረች፣ ጉሙ ለሁለት ተከፈለ፣ ጋሼ ጆሮ ጀርባው ወንበሩ ላይ ተጣብቆ ዓይኑን ጨፈነ። ጸጥታ ነበር፤ ሞቅ ያለ፣ ሰፊ ጸጥታ። እንዲህ ያማረ ሞተር በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም። ልቡ በደስታ ሞላ።

ድንገት የመኪናዋ ፍጥነት ቀነሰ። ልጁ እግሯን አንስታለች፤ ፊቷ ነጥቷል።

"ምነው ለቀቅሽው? እንደ ሕፃን ተኝቶ ነበር እኮ!"

"አባዬ፣ አልሰማኸውም?"

"ምኑን?"

"ሲያንኳኳ። ጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚናጥ… የጌጁ ቀስትም ወጣ ወጣ አለና ወረደ።"

በመጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፤ የጋለውን ካንዴላ በጨርቅ ይዞ ፈታና ወደ ብርሃን ዘወር አደረገው። ነጩ ሸክላ ላይ እንደተነሰነሰ ቁንዶ በርበሬ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ። ይህን ምልክት ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር፤ ሞተሩ ከማንኳኳት አልፎ ጮኋል። እሱ ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ፈገግ ብሎ ነበር።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ፣ ካንዴላውን እያየ።

ልትዋሸው ትችል ነበር። "ሁለት ዓመት ይሆናል።"

"እናትሽስ ታውቃለች?"

"ጎማ ጠጋኙም ያውቃል።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሰፈሩ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያወራው፣ ሚስቱ እየጮኸች ስታባብለው፣ እሱ ብቻ ዓለም በስላለች እያለ ይኖር ነበር። አፈረ። ከማፈሩ በላይ ግን ፈራ፤ የልጁን ሞተር ሊያቀልጥ የነበረውን ብሎን ያጠበቀው የራሱ እጅ ነው።

ጋራዥ እንደደረሱ ባልዲውንና ሰዓቱን አመጣ። በዚህኛው ጊዜ ትርፍ ቤንዚን የሚመልሰውን ቱቦ ጨምቆ ቀስቱን ቱርቦው ሲነፍስ ወደሚደርስበት ቦታ አወጣውና ለካ። ሁለት ሊትር እንኳ አልሞላም። ብሎኑን በግማሽ አላላ። ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ ሁለተኛ ፓምፕ ከመጀመሪያው ጎን አሰሩ፣ ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ሳቡላቸው፣ የቱርቦውንም ንፋስ ትንሽ ቀነሱት። ደግመው ለኩ፣ ሠልሰው ለኩ። ምሳም አልበሉ።

ቅዳሜ ማለዳ እዚያው መንገድ ላይ፣ እዚያው ጉም ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ዓይኑን አልጨፈነም። ቀስቱ ወጣ፣ ወጣ፣ ከላይ ደርሶ ቆመ፤ እንደተተከለ ችካል ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ጆሮ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ዘርግቶ የሞተሩን ንዝረት ዳበሰ፤ ደግ ንዝረት ነበር፣ ግን የእጅ ምስክርነት ብቻውን አልበቃውም።

"ምን ይላል?" አለ።

ልጅቱ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል የሆነ ነገር ተናገረች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። ባለፉት ሁለት ዓመታት እንዲህ ሲሆን አንገቱን ነቅንቆ ፈገግ ማለት ልማዱ ነበር፤ ዛሬም አንገቱ ሊነቀነቅ ዳድቶ ቆመ። ወደ እሷ ጠጋ አለ።

"ጮክ ብለሽ ንገሪኝ፣ ልጄ" አላት። "አልሰማም።"