የጥንድ መዝገብ

በምክር ቤቱ ጽሕፈት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሳገለግል ብዙ መዛግብት በእጄ አልፈዋል። ከሁሉም ቀጭኑ የጥንድ መዝገብ ይባል ነበር። ከአንዱ ወገን የሆነ እንደራሴ ቤተሰቡ ታሞበት ወይም ሐዘን ደርሶበት ከድምፅ መስጫ ቀን ሲቀር በመዝገቡ ግራ ገጽ ላይ ይፈርማል፤ ከተቃራኒው ወገን አንዱ ደግሞ በቀኙ ገጽ ትይዩ ፈርሞ አብሮት ይቀራል። ከሁለቱም አንድ አንድ ስለሚጎድል የድምፁ ልዩነት አይዛነፍም። ይህን ያዘዘ ሕግ አልነበረም፤ ልማድ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲዘላለፉ የዋሉ ሰዎች ማምሻውን በዚያ መዝገብ ላይ ጎን ለጎን ሲፈርሙ በዓይኔ አይቻለሁ።

በመዝገቡ ውስጥ ቀኛቸው ባዶ የቀረ ሁለት ስፍራዎች አሉ። የምተርከው ስለ ሁለተኛው ነው፤ ነገሩ ግን የሚጀምረው ከመጀመሪያው ነው።

ጋሽ ቧንቧ የምንላቸው አዛውንት ውሃ በሳምንት አንድ ቀን በቦቴ የምታገኝ የአንዲት ትንሽ ከተማ እንደራሴ ነበሩ። የሚወያዩበት ጉዳይ ስለ ትምህርት ይሁን ስለ መንገድ፣ መጨረሻው ወደ ከተማቸው ቧንቧ ይወርድ ነበር። ሊናገሩ ሲነሡ ከወዲያኛው ወገን «ቧንቧው ተከፈተ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። እርሳቸውም መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «መከፈቱንስ ተከፍቷል፤ ውሃው ነው የጠፋው» ይሉ ነበር።

የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም የወዲያኛው ፓርቲ እንደራሴ ነበር። እናቱ ስትሞትበት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርና እኅቱ ከቤቷ አስገብታ አሳደገችው፤ ማባዛትና ማካፈል ያስተማሩት ጋሽ ቧንቧ ናቸው። አድጎ ፓርቲ ሲመርጥ የእርሳቸውን አልመረጠም። እኅቱ በዚህ አልተከፋችም፤ «ምርጫ ሲደርስ ከአንዱ ጋር ምሳ፣ ከሌላው ጋር እራት እበላለሁ። ድምፄን ለማን እንደምሰጥ የሚያውቀው ሆዴ ብቻ ነው» እያለች ሁለቱንም ታስቃቸው ነበር።

የጋሽ ቧንቧ ፓርቲ አብላጫውን በያዘበት ዘመን የዚህ ወጣት ሚስት በአስጨናቂ ምጥ ተያዘች። ወጣቱ በግራው ገጽ ላይ ፈረመ። አብላጫው ግን ከተቃዋሚ ጋር ማንም እንዳይጣመር ወስኖ ነበርና በቀኝ የሚፈርም ጠፋ። ጋሽ ቧንቧም «ውሳኔ አለ ልጄ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ወጣቱ ድምፁን ሰጥቶ ሲደርስ ሕፃኑ ሞቶ ተወልዶ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል ሲናገር አልተሰማም። የሚጮህ ቂም ይበርዳል፤ ዝም ያለው ግን ይሰነብታል።

በሦስተኛው ዓመት ምርጫው ተገለበጠ። አፈ ጉባኤውን ሳይጨምር የወጣቱ ፓርቲ ስልሳ አንድ፣ የጋሽ ቧንቧ ፓርቲ ስልሳ ወንበር አገኙ፤ ወጣቱም የወገኑን ድምፅ የሚያስተባብር የአብላጫው ተጠሪ ሆኖ ተሾመ። ከተቃዋሚዎች ጋር መተባበር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ሲነሣ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከአብላጫው ወገን የነበሩ አንዲት አሮጊት ሐኪም፣ «ሕዝቡ የላከው ስልሳ አንዳችንን ብቻ አይደለም፤ ስልሳውንም የላካቸው እርሱው ነው» ብለው ተከራከሩ።

ተጠሪው ፈገግ አለ። «እናታችን፣ ሲያሸንፉ ጌታ፣ ሲሸነፉ ወንድም መሆን አይቻልም።»

ተጨበጨበለት። በምንም ጉዳይ ትብብር እንዳይኖር፣ የጥንድ መዝገቡም እንዲዘጋ ተወሰነ። በደንቡ መሠረት ግን የኮሚቴ ውሳኔ በሙሉ ጉባኤ ካልጸደቀ አይሠራም፤ ይህኛው ገና አልቀረበም ነበር። ይህን ከማንም ይልቅ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

የጋሽ ቧንቧን ከተማ ለማጠጣት የታቀደው መስመር ወደ ፋብሪካዎች ሰፈር እንዲዞር የሚያዝዘው ረቂቅ ሕግ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ደረሰ። ሐኪሟ ከወገናቸው ተለይተው ሊቃወሙት እንደሚችሉ ይወራ ነበር። እንዲያ ከሆነ የአንድ ተቃዋሚ መቅረት ድምፁን እኩል ያደርገዋል፤ እኩል ሲሆን ደግሞ የሚወስኑት የአብላጫው ሰው የሆኑት አፈ ጉባኤ ናቸው።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የጠረጴዛዬ ስልክ ጮኸ። ከምክር ቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት ከሚያስኬደው ሆስፒታል አንዲት ነርስ ነበረች። የጋሽ ቧንቧ ባለቤት ልባቸው እየደከመ መሆኑን፣ ባላቸውንና ወንድማቸውን አብረው እንዲመጡ መጠየቃቸውን ነገረችኝ። ሁለቱንም አስጠራኋቸው።

ጋሽ ቧንቧ መዝገቡን ራሳቸው ከመደርደሪያው አውርደው በግራው ገጽ ፈረሙ።

«ና ልጄ፣ ፈርምና እንሂድ። እኅትህ ሁለታችንንም ነው የጠራችው።»

«ጋሼ፣ መዝገቡ ተዘግቷል።»

«ይኸው ተከፍቶ የለም እንዴ!»

«ውሳኔ አለ። ያን ጊዜ ይህን ቃል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

አዛውንቱ ብዕሩን ወደ እርሱ ገፉለት። «አዎ፣ ብያለሁ። በድዬሃለሁም። የእኔን በእኔ ላይ አድርገው፤ እርሷ ምን አደረገች?»

«እርስዎ መሄድ ይችላሉ፤ የከለከልዎት የለም።»

«ብሄድ መስመሩ ይዞራል። ስንት ዓመት ቧንቧ እያልኩ ጮኼ ዛሬ ልጥፋ? የላኩኝን ሰዎች በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«እኔስ ብጠፋ? ለዘመዱ ሲል ወገኑን ከዳ አይሉኝም?» አለ ተጠሪው። ድምፁ ግን እንደ ቃሉ አልጠነከረም። ብዕሩን ከመዝገቡ ላይ አነሣና ገጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ውሳኔው ጸድቋል፣ አይደለም እንዴ?»

«ገና አልጸደቀም» ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን አዲስ ጌታ የመጣበት ሎሌ ነበርኩና፣ እውነቱን ከመናገር ይልቅ ፊቱን ማንበብ መረጥኩ። «ክቡርነትዎ ያውቁታል» አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። «ከስድስት ሰዓት በፊት ያልቃል፤ በሩጫ እደርሳለሁ። እታለም ጠንካራ ናት፤ ትጠብቀኛለች።»

ደወሉ ተደወለ፤ የአዳራሹም በሮች ተቆለፉ። በደንቡ መሠረት ቆጠራው እስኪያልቅ ማንም አይገባም፣ ማንም አይወጣም። ክርክሩ ረዘመ። ጋሽ ቧንቧ የመናገር ተራቸው ሲደርስ አልተነሡም፤ ምክር ቤት ከገቡ ጀምሮ ሳይናገሩ የቀሩበት ቀን ይህ ብቻ ነበር። የግድግዳውን ሰዓት ያዩ ነበር። በትይዩ የተቀመጠው ተጠሪም ያንኑ ሰዓት ያይ ነበር።

ስድስት ሰዓት ካለፈ በኋላ እጆች ተቆጠሩ። ሐኪሟ እጃቸውን ከተቃዋሚዎቹ ጋር አነሡ። ስልሳ ድጋፍ፣ ስልሳ አንድ ተቃውሞ፤ ረቂቁ ወደቀ። ተቃዋሚዎቹ ከወንበራቸው ዘለው «ቧንቧው ተከፈተ! ቧንቧው ተከፈተ!» እያሉ አዛውንቱን አቀፏቸው። በሩ ሲከፈት የበር ጠባቂው ከሆስፒታል የመጣች አንዲት ቁራጭ ወረቀት ሰጠኝ። በደስታው መካከል እየተጋፋሁ አደረስኳት። ጋሽ ቧንቧ ሲያነቧት ቀኝ እጃቸውን አንድ ሰው ገና እየጨበጠው ነበር። ከዚያ አዳራሹን አቋርጠው ወረቀቷን ለተጠሪው ራሳቸው ሰጡት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አስልቼዋለሁ። ሁለቱ ፈርመው ቢቀሩ ኖሮ ውጤቱ ሃምሳ ዘጠኝ ለስልሳ ይሆን ነበር። የሚወድቀው ሕግ ይወድቅ ነበር፤ የሚደርሰውም ውሃ ይደርስ ነበር። በሁለቱ መኖር የተለወጠ አንዳችም ነገር የለም። በሳምንቱ ጉባኤው የኮሚቴውን ውሳኔ ሽሮ ልማዱን በሙሉ ድምፅ መለሰ፤ ሁለቱ በሐዘን ላይ ስለነበሩ አልተገኙም። ስለ መልሴ እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀኝም። አለመጠየቄን ግን እንደ ንጽሕና አልቆጥረውም።

ያን ዕለት አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ክፍሉ ስንደርስ የባለቤታቸው ፊት በአንሶላ ተሸፍኗል፤ ከአልጋው ግራና ቀኝ ሁለት ባዶ ወንበሮች ቆመዋል።

«እርሳቸው ናቸው ያስቀረቧቸው» አለች ነርሷ። «የሌላ በሽተኛ ጠያቂ አንዱን ሊወስድ ቢመጣ፣ ባለቤት አላቸው ብለው ከለከሉ።»

ተጠሪው ግድግዳውን ተደግፎ፣ «ዘገዩብኝ አላለችም?» ሲል ጠየቀ።

«ሰዓቱን ደጋግመው ጠይቀዋል። በኋላ ግን አልተጨነቁም። ‹ቢጣሉ ኖሮ አንዱ ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ መዘግየታቸው ታርቀው አብረው ቢመጡ ነው› አሉ። በዚያው አረፉ።»

ጋሽ ቧንቧ በግራው ወንበር ተቀመጡ። ተጠሪው ግን እስኪመሽ ድረስ ቆሞ ቆየ።