ሰዓሊው ያጠፋው ቧንቧ

ሰው በገዛ ተማሪው ይቀናል እንዴ? እትዬ ቀናች፤ ያውም አንጀቷ እስኪያር። ፀጉሯ ገብስማ የሆነ፣ በሆስፒታሉ የሲቲ ስካን ክፍል አንጋፋዋ ሐኪም ናት። ስሟን ትቶ ትልቅ ትንሹ እትዬ ይላታል። ተማሪዋ ደግሞ ሰዓሊው ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው፤ የልብንና የደም ቧንቧን ምስል በኮምፒውተር ቀይና ሰማያዊ ቀብቶ፣ እጅ ላይ እንደያዙት ነገር ወዲያና ወዲህ እያገላበጠ ስለሚያሳይ።

እሷ የምታነበው ጥቁርና ነጩን ነው። ማሽኑ የበሽተኛውን ደረት እንደ ዳቦ ሸንሽኖ ያወጣውን ምስል ከአንገት እስከ ሆድ አንድ በአንድ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታየዋለች። ድሮ የልብ ቀዶ ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጥና እስክትጨርስ ይጠብቃት ነበር። አሁን በሯን አልፎ ቀጥ ብሎ ሰዓሊው ጋ ይገባል። ሲሳሳቁ በግድግዳው በኩል ይሰማታል። ምን ያስቃቸዋል? የደም ቧንቧ ምኑ ያስቃል? ትላለች ለብቻዋ። የባሰ የሚያናድዳት ደግሞ ልጁ ክፉ አለመሆኑ ነው። ጠዋት ብቅ ብሎ እትዬ እንዴት አደሩ ሳይላት ሥራ አይጀምርም። ክፉ ቢሆን እኮ ግልግል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አኦርታው ጠቦ የተወለደ ሕፃን ምስል መጣ። ከልብ ወጥቶ መላ ሰውነትን የሚመግበው ያ ትልቅ ቧንቧ፣ ወደ ታች የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ክር እንደታሰረበት ከረጢት ሸምቀቅ ብሏል። በማግስቱ ጠዋት የጠበበውን ቆርጠው አውጥተው ሊቀጥሉት ነው። ሰዓሊው ምስሉን ሠርቶ ሲያበቃ ቀዶ ሐኪሙ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ፣ እሷ እየሰማች፣ እንዲህ ያለ ሥራ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም አለ። በዕድሜዬ! እትዬ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ማንም አላዘዛትም። የሕፃኑን ምስል ከፈተችና ስህተት ፍለጋ ገባች። እንዲህ ነቅታ ካነበበች ስንት ዘመኗ! አንዴ ወረደች፣ አንዴ ወጣች። ከዚያ እጇ ቆመ። ወደ ቀኝ ክንድ የሚሄደው ቧንቧ ከተለመደው ቦታ አልተነሳም። ከጠበበው በታች ተነስቶ፣ ከምግብ መውረጃው ጀርባ፣ አከርካሪውን ታክኮ ወደ ቀኝ ይሻገራል። በሰዓሊው ሥዕል ላይ ግን ቧንቧው የለም። ነገሩ ወዲያው ገባት፤ ሥዕሉ እንዲያምርለት አጥንቱን በኮምፒውተሩ ማጥፊያ ሲጠርግ፣ አከርካሪው ላይ የተለጠፈውን ቧንቧም አብሮ ጠርጎታል።

እሰይ! አለች። አዎ፣ አፍ አውጥታ እሰይ አለች።

ቀልድ እኮ አይደለም። ቀዶ ሐኪሙ አኦርታውን በመቆንጠጫ ሲይዘው፣ ጭንቅላት በቂ ደም ማግኘቱን የሚያውቀው ከቀኝ ክንድ በሚለካው ግፊት ነው። ክንዱ ደሙን የሚያገኘው ከጠበበው በታች ከሆነ ልኬቱ ውሸት ይነግረዋል። መኖሩን ያላወቀውን ቧንቧ በምላጩ ቢነካውስ? እትዬ ይህን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች። ስልኩም እጇ ሥር ነበር። አላነሳችውም። ጠዋት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሞቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት ውይይት አለ፤ እዚያ፣ በሰው ፊት፣ ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በርቶ ሳለ ብድግ ብላ፣ ይቅርታ፣ የቀኝ ክንዱ ቧንቧ የት ሄደ? ልትል ነው። ሕፃኑን እንደሆነ እስከዚያ ማን ይነካዋል? ብላ ራሷን አሳመነች። ቤቷ ሄዳ ለጥ ብላ ተኛች።

ጠዋት የክት ቀሚሷን ለብሳ መሰብሰቢያው ስትደርስ ወንበሩ ባዶ ነው። አንዲት ነርስ፣ ሕፃኑ ትንፋሽ አጥሮት ስላደረ ውይይቱ ቀርቶ በጊዜ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል እንዳስገቡት ነገረቻት።

እትዬ እግሬ አውጪኝ አለች። ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው እሷም አታውቅ። ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ደጃፍ የሕፃኑ እናት ትንሽዬ ኮፍያ ጨምድዳ ይዛ ቆማለች፤ እትዬ ዓይኗን ለማየት አልደፈረችም፣ አልፋት በሩን በርግዳ ገባች። ቀዶ ሐኪሙ ታጥቦ፣ እጆቹን ወደ ላይ እንደያዘ ዞረ።

“እንዳትነካው፣” አለችው።

ትንፋሿ እየተቆራረጠ የቧንቧውን ነገር አስረዳችው። ቦታውን፣ ውፍረቱን፣ አቅጣጫውን ጠየቃት፤ መቼ እንዳየችው ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረውም። ግፊቱ ከክንዱ ቀርቶ ከጆሮ ግንዱ አጠገብ ካለው ሥር እንዲለካ አዞ ወደ ሥራው ገባ። ሕፃኑ በሰላም ወጣ።

ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። ሰዓሊው ነርሶቹንና ተማሪዎቹን አስከትሎ ወደ እትዬ ክፍል ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ያድበሰብሰዋል ብላ ጠብቃ ነበር። እሱ ግን ሁሉም እየሰማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሥዕሌን አምኜ ጥቁርና ነጩን ደግሜ ሳላየው ቀረሁ፣ እትዬ ባይደርሱ ያን ሕፃን ገድዬው ነበር አለ። ሰዉ አጨበጨበላት። ስትመኘው የኖረችው ጭብጨባ ይኸው መጣ፣ ግን አልጣማትም። ጉድ እኮ ነው፣ ጥፋቱን በማመኑም ቀናችበት። እንዴት እንዲህ ቀለለው? እኔ ብሆን አፌ ይከፈት ነበር? አለች በሆዷ።

ሌሎቹ ሲበተኑ እሱ ቀረ። ፈገግ ብሎ ትከሻዋን እቅፍ አድርጎ፣ በዚያ ጥድፊያ መሀል ዓይኗ እንዴት እንዳረፈበት ጠየቃት።

“ዛሬ አይደለም፣” አለች። “ትናንት ከሰዓት ነው ያየሁት።”

ወዲያው አልገባውም። ፈገግታው እዚያው ፊቱ ላይ ቆየ።

“ትናንት? ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ፣ እትዬ?”

ሰበብ ብትፈልግ አታጣም ነበር፤ ግን ደክሟታል።

“ቀንቼብህ ነው፣” አለችው።

እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሳ።