ከየቲር እስከ ቀርታ

የሌዋውያን ከተሞች ዕጣ በሴሎ የወጣ ዕለት ሖግላ ሊጥ እያቦካች ነበር። ባሏ ፍታሕያ እያለከለከ መጥቶ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመና፣ "የቲር ደረሰን!" አላት። "በይሁዳ ተራራ ላይ ነው፤ የወይራ አገር ነው አሉ።"

ፍታሕያ ከአሮን ቤት የተወለደ ካህን ነው። ለካህናቱ ወገን ከተሞች የወጡላቸው በደቡብ ካሉት ነገዶች ነበር። ሖግላ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ፣ "ለሜራሪዎቹስ?" አለች።

እሷ የሜራሪ ወገን ልጅ ናት፤ አባቷም ወንድሟም የእግዚአብሔርን ማደሪያ ድንኳን ሳንቃና ምሰሶ በሠረገላ የሚጭኑ ሌዋውያን ነበሩ።

"ዛብሎን ዘንድ ነው" አለ ፍታሕያ። "እናትሽና ወንድምሽ ያዕዝያ ቀርታ ደርሷቸዋል።"

"ስንት ቀን ያስኬዳል?"

"በሰሜን ጫፍ ነው፣ ሖግላ። ሩቅ ነው።"

ሊጡ ሳይጋገር ኮመጠጠ።

ሖግላ በምድረ በዳ የተወለደች ሴት ናት። እዚያ ሩቅ የሚባል ነገር አታውቅም ነበር። ካህናቱ ከማደሪያው በስተምሥራቅ፣ ሜራሪዎች በስተሰሜን ይሰፍራሉና፣ ካገባች በኋላም ድምፅ ከፍ አድርጋ ብትጣራ እናቷ ከሚሰሙበት አልራቀችም። ንጋት ላይ እናቷ ሲስሉ ትሰማለች። ልጅ ሲያለቅስባት "አምጪው ወዲህ!" የሚል ድምፅ ከወዲያ ይመጣል። ከማደሪያው በላይ ያለው ደመና ተነሥቶ መለከቱ ሲነፋ ሁሉም አብሮ ይነሣል፤ ሠረገላው ይንቋቋል፤ ያዕዝያ በሬዎቹን በየስማቸው እየጠራ ያንጎራጉራል፤ ልጆች አቧራው ውስጥ ይሯሯጣሉ። አገር ይቀየራል እንጂ ጎረቤት አይቀየርም ነበር።

የቲር ሲደርሱ የተሰጣቸው ቤት የእሜት ናዕራ ሆኖ ተገኘ። ናዕራ ባላቸው የሞተባቸው የይሁዳ ሴት ናቸው። ልጆቻቸው እርሻው ወዳለበት መንደር ወርደዋል፤ እሳቸው ግን "እኔ ከዚህ የምወጣው በቃሬዛ ነው" ብለው ሰገነቱ ላይ ካለችው ትንሽ ክፍል ቀርተዋል።

ሖግላ በድንጋይ ቤት ማደር እምቢ አለች። "ጣራው ይጫነኛል" ብላ ግቢው መሀል ድንኳኗን ተከለች። ፍታሕያ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ተቆጣ፤ ማታ ምንጣፉን በብብቱ ይዞ ከነልጆቹ ተከትሏት ወጣ።

ናዕራ ይህን ከሰገነቱ ሆነው ሲያዩ ጮኹ። "እኔ ቤቴን ለቅቄ እናንተ ሜዳ ላይ! ታዲያ ምን ቆርጦኝ ነው የለቀቅሁት?"

"እንግዲያው ይመለሱበት፣ እሜቴ።"

"ዕጣ የወሰደውን ልመልስ? አንቺ ልጅ፣ ከእግዜር ልታጣዪኝ ነው?"

በግ በታረደ ቁጥር ናዕራ የካህኑን ድርሻ፣ ወርቹንና ጉንጩን ጨጓራውንም፣ በገበታ ይዘው ይወርዳሉ። "እንኩ፣ ርስት የለሾች! አታርሱ፣ አትዘሩ፤ ከኛ በግ ግን የሚጥመውን አታጡትም።"

"ጨጓራ ነው እንዴ የሚጥመው?" አለች ሖግላ አንድ ቀን።

"አስተጣጠቡ ላይ ነው ነገሩ። አንቺ መና እየለቀምሽ ያደግሽ የት ትማሪው! ነይ ላሳይሽ።"

አሳዩዋት፤ ሖግላም ተማረች። ልቧ ግን ሰሜን ነበር። ስታጥብም፣ ስትፈጭም፣ ውሃ ስትቀዳም የምታስበው የዳስ በዓልን ነው። ያን ጊዜ ነገዱ ሁሉ ሴሎ ይወጣል፤ እናቷም ይመጣሉ። በዓሉ ሲቃረብ ናዕራ የዘቢብ ጥፍጥፍ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጧት። "ለእናትሽ። የየቲር ወይን ምን እንደሚመስል ይወቁት።"

ሴሎ እንደደረሱ ሖግላ ልጆቹን ለፍታሕያ ትታ ወደ ሜራሪዎቹ ሰፈር ሮጠች። ያዕዝያ ዳሱን በቅጠል ሲያለብስ አገኘችው። አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ በትከሻው ላይ አሻግራ አየች።

"እማዬስ?"

"ቀርታ ናት።"

"ታማለች! ለምን ትደብቀኛለህ?"

"ኧረ ከኔም ከአንቺም ትሻላለች። አልመጣም አለች እንጂ። 'መንገድ ጠግቤአለሁ፤ የምትፈልገኝ ቤቴ ትምጣ' በልልኝ ብላለች።"

"ቤቴ? እማዬ ናት ቤቴ ያለችው?"

"በር አላት እኮ፣ እህቴ። ስትከፍት ስትዘጋ ነው የምትውለው።"

ሖግላ ተናደደች። ዓመቱን ሙሉ እሷ ስታለቅስ እናቷ በር ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ! በዓሉ እስኪያልቅ ከማንም ጋር በወጉ አላወራችም። በመጨረሻ ፍታሕያ፣ "ከወንድምሽ ጋር ሂጂ" አላት። "ልጆቹን እኔ እይዛለሁ። ካልሄድሽ ዘንድሮም በዝናብ ግቢ ውስጥ ልታሳድሪኝ አይደል?"

ቀርታ ስትደርስ እናቷ ደፍ ላይ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩዋት። "ከስተሻል። ካህናት አያበሉም?" አሉና ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ማታ በሩን ዘግተው፣ መወርወሪያውን አስገብተው፣ እንደገና ነካክተው አረጋገጡና ጎኗ ተቀመጡ። ሖግላ ዓመት ሙሉ ያፈነችውን ተነፈሰች። "እማዬ፣ አይናፍቅሽም?"

"ምኑ?"

"መንገዱ፣ ሠረገላው፣ ሁላችን አንድ ላይ..."

እናቷ የመብራቱን ክር አስተካከሉ። "ከያዕዝያና ከአንቺ በፊት ሁለት ልጆች ነበሩኝ። አንዷን ሪትማ ላይ ሰፍረን ሳለ ቀበርኋት። ወንዱን የቀበርሁበትን ቦታ ስሙን እንኳ አላውቀውም፤ አሸዋ ነው። በማግሥቱ ደመናው ተነሣ፣ መለከት ተነፋ፣ ጫንን። አንቺ የያዕዝያን እንጉርጉሮ ትሰሚያለሽ፤ እኔ ወደኋላዬ እያየሁ ነው የምሄደው።"

ሖግላ ታስታውሳለች። እናቷ ሁልጊዜ ከሠረገላው ኋላ ይቀሩ ነበር። የጠፋች ፍየል የሚፈልጉ ይመስላት ነበር። የእናቷን እጅ ያዘች።

"አንድ ነገር ግን ይናፍቀኛል" አሉ እናቷ። "ማታ ማታ ልጆችሽን ስትቆጪ ይሰማኝ ነበር። 'ዛሬ ሖግላ ብሷታል' እልና እስቃለሁ። እዚህ ጸጥ ይላል። የዛብሎን ሴቶች ሲቆጡ እንኳ ቀስ ብለው ነው።"

"እማዬ፣ ያን ያህል እጮህ ነበር?"

"ከማደሪያው ወዲያ ማዶ የሚሰፍሩት ጌርሶናውያን ሳይቀሩ የልጆችሽን ስም ያውቁ ነበር።"

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የናዕራን ዘቢብ እየቆረሱ የሞቱትን፣ ያገቡትን፣ የተጣሉትን ሁሉ በሐሳባቸው በየድንኳኑ እየዞሩ አነሡ። እናቷ አንዱን ቁራሽ አላምጠው፣ "ይህቺ ሴትዮ ባለሙያ ናት" አሉ።

ሖግላ የመጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል ወደ የቲር ተመለሰች። በነጋታው ለማንም ሳትናገር ካስማዎቹን ነቀለች፤ ድንኳኑን አጥፋ ምንጣፉን ወደ ቤት አስገባች። ናዕራ ከሰገነቱ አይተው፣ "የወይራው ፍሬ ሊራገፍ ነው፤ ዱላ ይዘሽ ነይ" አሏት እንጂ ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከሴሎ ወደ ቀርታ እየተሻገረች እናቷን ጠየቀች። በአራተኛው ዓመት ግን ያዕዝያ ሴሎ የመጣው ልብሱን ቀድዶ ነው። እናቷ በመከር ወቅት፣ በአልጋቸው ላይ፣ ሳይሰቃዩ ዐርፈዋል።

ሖግላ ቀርታ ወርዳ መቃብሩ ወዳለበት የኖራ ድንጋይ ቁልቁለት ሄደች። ቦታውን ያሳየቻት በመጨረሻዎቹ ቀናት እናቷን ያስታመመች ጎረቤት፣ ኖዓ የምትባል የዛብሎን ወጣት ሴት ናት። ሖግላ ድንጋዩን በመዳፏ እየዳበሰች ብዙ አለቀሰች። ኖዓ አልተወቻትም፤ ራቅ ብላ ተቀምጣ ጠበቀቻት። ለቅሶው ሲበርድ ውሃ አቀበለቻትና፣ "እኔ የማውቃቸው በእርጅና ነው" አለቻት። "በወጣትነታቸው እንዴት ያሉ ነበሩ?"

ሖግላ ከየት እንደምትጀምር ግራ ገባት። ከዚያም ከምድረ በዳው መንገድ ጀመረች። ፀሐይ ስትጠልቅ በወሬያቸው ገና ከቃዴስ ሰፈር አልወጡም ነበር።